ሰርቨሩ ዘሎት ያለፈው ክፍል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ያስቀመጡኝ ከስልክ ማዞሪያው ፊት ነበር። ሰበታ ያለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው፤ ዛሬም የሚተዳደሩበት ሰዎች ስላሉ ስሙን አልጠራም። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም። የቀጠሩኝ የአስተዳደር ኃላፊ የጆሮ ማዳመጫውን ራሳቸው አንስተው ሰጡኝና፣ «ወደ ውጭ የሚያስደውሉት መስመሮች ጥቂት ናቸው፤ ደዋዩ ብዙ ነው። ቀድሞ ለጠየቀ ስጪ። ሌላውን እየሠራሽ ትለምጂዋለሽ» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ያስተማረኝ የለም።

እኩለ ቀን ሳይሞላ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ደወለች።

«መስመር ስጪኝ፤ ለሥራ አስኪያጁ ነው።»

«መጋዘን ቀድሟል። እሱ ሲጨርስ እደውልልሻለሁ።»

«ሰማሽኝ? ለሥራ አስኪያጁ ነው ያልኩሽ!»

«ሰምቻለሁ። መጋዘን ግን ቀድሟል።»

ትንሽ ቆይተው ሰውዬው ራሳቸው ወረዱ። ተባረርኩ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «በይ፣ ተራዬ ሲደርስ አስጠሪኝ» ብለው እየሳቁ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በላይነሽ ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ። ስሜ «ወረፋ» ሆነ። ሊያሾፉብኝ ያወጡት ስም ነው፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው የያዝኩት።

ልጆቼን ያሳደግኩት፣ የልጅ ልጅም ያየሁት እዚያው ማዞሪያ ላይ ተቀምጬ ነው። በኋላ ራሱን በራሱ የሚያዞር ማሽን ተገዛና የኔ ወንበር ቀረ። «ቤትሽ ገብተሽ ዕረፊ» አሉኝ። የጡረታ ዕድሜዬ አልደረሰም፤ ሥራ ስጡኝ አልኩ። ሰርቨር ክፍል አስገቡኝ። ወለል እንድወለውል ነበር ሐሳባቸው።

እዚያ ያገኘሁት ኢንጂነር ዮናስን ነው። ሱሉልታ ቤት ተከራይቶ የሚመላለስ፣ ቀጭን፣ ቸኩሎ የሚናገር ልጅ ነው። ወለሉን ስጨርስ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አላባረረኝም። በመጀመሪያ ማቀዝቀዣውንና ጀነሬተሩን አስረከበኝ። ከዚያ የመረጃውን ምትኬ መገልበጥ፣ ከዚያ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት አስተማረኝ። ሲቆይ ደብዳቤ ተጻፈልኝና የሰርቨር ክፍል ረዳት ሆንኩ።

ዮናስ ሥራውን ያስረዳኝ በማዞሪያው እየመሰለ ነው።

«እትዬ፣ ደዋይ በመጣ ቁጥር አንድ ኦፕሬተር ከነጠረጴዛው ይመደብለታል እንበል። ደዋዩ እስኪጨርስ ያ ኦፕሬተር ሌላ ሰው አይነካም። አንዱ ዓይነት ሰርቨር እንደዚህ ነው፤ ባለ ፕሮሰስ እንለዋለን። ሌላኛው ደግሞ ጠረጴዛው አንድ ሆኖ ብዙ እጅ አለው። በአንድ ጠረጴዛ ብዙ ደዋይ ያስተናግዳል። እጆቹ ትሬድ ይባላሉ።»

«ትሬድ በአማርኛ ምንድነው?»

«ክር።»

«ይኼ ፋብሪካ ክር አነሰው ብለህ ነው?»

ሳቀ። የኛ ሰርቨር ያኔ ባለ ትሬድ ነበር። ማሽኑ አሮጌ፣ ሜሞሪው ትንሽ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ጠረጴዛ መስጠት አይችልም።

ሰርቨሩ የሚታዘዝበት ፋይል አለ፤ ኮንፊገሬሽን ነው የምንለው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ቀስ እያልኩ ለመድኩት። ውስጡ «ይህ ሞጁል ካለ» ብለው የሚጀምሩ ክፍሎች አሉ፤ ሞጁል ሰርቨሩ ላይ የሚገጠም የፕሮግራም ቁራጭ ነው፤ ባለ ትሬድ ወይም ባለ ፕሮሰስ የሚያደርገው እሱ ነው። አንዱ ክፍል፣ ሰርቨሩ ባለ ትሬድ ከሆነ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሰው አስተናግድ ይላል። ከሥሩ ያለው ደግሞ ባለ ፕሮሰስ ከሆነ ይህን ያህል ይላል። ሰርቨሩ ሲነሳ የሚመለከተውን ያነባል፤ የማይመለከተውን ዘሎ ያልፋል። ሲዘል አይጮህም፤ ስህተት አለ አይልም።

«ለምን አይናገርም?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ስህተት ስላልሆነ ነዋ። ሁኔታው አልተሟላም፣ ዘለለው፣ አለቀ።»

«ታዲያ ‹ዘልያለሁ› ቢል ምን ይጎዳዋል?»

«እትዬ፣ ማሽን እኮ ነው፤ ያልተጠየቀውን አያወራም።»

አልጣመኝም።

የማስተር ፕላኑ ነገር የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ወደኛ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተባለ፤ ወጣቱ መንገድ ወጣ። ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ድንጋይ ይደረደራል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ ይሰማል። ስንት እናት እንዳለቀሰች እኔ አልናገርም፤ የጎረቤቴን ለቅሶ ደርሻለሁ። ፋብሪካው ግን የውጭ አገር ትዕዛዝ አለበትና ፈረቃው አይቆምም። ያልመጣ ቀሪ ይባላል። በተከታታይ የቀረ ይሰናበታል።

ይህን አልቀበልም ብዬ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው አቶ ግርማ ዘንድ ገባሁ። እሳቸው ሲበዛ ሥርዓት የሚወዱ፣ ክራቫታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው።

«አቶ ግርማ፣ ተኝቶ የቀረና መንገድ ተዘግቶበት የቀረ እንዴት እኩል ይቆጠራል?»

«በምን ልለያቸው ወይዘሮ በላይነሽ? ሁሉም መንገድ ተዘጋብኝ ነው የሚለው።»

«ከፈረቃው በፊት ያሳውቁ። ያሳወቀ ቀሪ አይባል።»

አሰቡበትና ተስማሙ። ዮናስ በስልክ የሚከፈት አንድ ገጽ ሠራ። እያንዳንዱ የሠራተኛ ሰርቪስ አንድ ተወካይ አለው። መንገድ ሲዘጋ ተወካዩ ፈረቃው ሳይጀምር ገጹን ከፍቶ፣ የሰርቪሱን ተሳፋሪዎች መርጦ ይልካል። ሌላው ሠራተኛም ስሙ መግባቱን እዚያው ያያል። የኔ ሥራ ገጹ እንዳይዘጋ መጠበቅ ነው።

የቡራዩ ሰርቪስ ተወካይ ሌንሳ ነበረች። ኮሌታ ሰፊ ናት። አባቷ ገፈርሳ ግድቡ አካባቢ ያርሳሉ። ስትስቅ የስፌት መኪናውን ድምፅ ታሸንፋለች። እኔን በኦሮምኛ አያቴ ለማለት «አኮ» ነው የምትለኝ።

«አካም ጅርቱ አኮ? ያ ማሽንዎ ዛሬ ደህና አደረ?»

«ካንቺ ይሻላል። ትናንት ስንት ሰዓት ነው የገባሽው?»

«ሹፌራችን ኦቦ ገመቹ ከላም ኋላ ሲነዱ! ላሟ ስትቆም እሳቸውም ይቆማሉ። ከርሷ መቅደም ነውር ነው የሚመስላቸው።»

ገጹ በደንብ ሠራ። መንገድ በተዘጋ ቀን ሌንሳ ትልካለች፤ አንድም ሰው አልተቆጠረበትም። አቶ ግርማም አመኑበት።

በመካከል አዲስ የአሻራ ማሽን ተገዛ። ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ባለ ትሬድ ሰርቨር ላይ ሲጫን ይወድቃል፤ ተነስቶ እንደገና ይወድቃል። ዮናስ ሁለት ቀን ከታገለው በኋላ ምክንያቱን አገኘው። «ፕሮግራሙ ለብዙ እጅ አልተሠራም። ሁለት እጅ አንድ ወረቀት ላይ እኩል ሲጽፍበት ይደነባበራል። ሰርቨሩን ወደ ባለ ፕሮሰስ መቀየር አለብኝ» አለኝ። ሜሞሪም አስጨመረ። ቀየረው። ፋይሉን የሚፈትሸውን ትዕዛዝ ሰጠ፤ ደህና ነው የሚል መልስ መጣ። ሰርቨሩን አስነሳ። እሱ ከጠረጴዛው፣ እኔ ከስልኬ ገጹን ከፈትን። ተከፈተ። ሻይ ልንጠጣ ወጣን።

ከጥቂት ቀን በኋላ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። እስከዚያ ድረስ አንድ አቅጣጫ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን የተከፈተ አልነበረም። ዮናስ ሱሉልታ ቀረ። እኔ ሰበታ ስለሆንኩ በውስጥ ለውስጥ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ፋብሪካው የምደርሰው ፈረቃው ከጀመረ በኋላ ነው። ስደርስ በመጀመሪያ ገጹን እከፍታለሁ። ይከፈታል። የጥበቃው አዛዥ፣ «ወረፋ፣ ደህና ነው?» ሲሉኝ፣ «ደህና ነው» እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት ደህና ነበር።

በቀጣዩ ሰኞ በሩ ላይ የስንብት ማስታወቂያ ተለጠፈ። የቡራዩ ሰርቪስ ሰዎች ከሌንሳ ጀምሮ በሙሉ አሉበት። ከሰበታና ከዓለም ገናም ጥቂት አሉ። አስተዳደር ሄጄ ጠየቅኩ። ጸሐፊዋ፣ «ከቡራዩ አንድም ሪፖርት አልደረሰም፤ ከሌላው ጥቂት ስም ቢጎድልም ደርሷል» አለችኝ።

ሌንሳ ሳትልክ ትቀራለች ብዬ አላምንም። ልደውልላት ሞከርኩ፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። እዚያ ዳታው ከእሑድ ጀምሮ ተዘግቷል፤ ከዚያ ደግሞ ጥሪውም ተቆራረጠ።

ዮናስ የሱሉልታው መንገድ ተከፍቶለት የመጣው በማግስቱ ነው። እሱ ያንን ሁሉ ቀን ሲቀር ማንም አልቆጠረበትም። በወር ደሞዝ የሚሠራ የቢሮ ሰው በአሻራ አይያዝም ነበር። ይህን ነገርኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

«የጠዋቱን ሎግ አብረን እንየው» አለኝ፤ ሎግ ሰርቨሩ የገባውን ሰው የሚጽፍበት መዝገብ ነው።

አየነው። በየጠዋቱ ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሰው ብቻ ይገባል፤ ከዚያ ሰርቨሩ ከመጠን በላይ ሰው መጣብኝ ብሎ አንድ መስመር ጽፎ ዝም ይላል። ዮናስ ኮንፊገሬሽኑን ከፈተ። ባለ ትሬዱን ክፍል አሳየኝ፤ ብዙ መቶ ሰው ይላል። «ይኸው፣ ሰፊ ቦታ አለ እኮ» አለ። ከዚያ ጣቱ ቆመ። ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። ባለ ፕሮሰስ ከሆነ የሚለው ክፍል ጋ ሲደርስ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

አምስት ይላል።

ድሮ መሞከሪያ ማሽን ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። ሰርቨሩ ባለ ትሬድ ሳለ ያ ክፍል ሁልጊዜ ይዘለል ስለነበር ማንም አይቶት አያውቅም። ሲቀየር ግን የሚዘለለውም ተቀየረ። የምናውቀውን ክፍል ዘለለ፤ የማናውቀውን ታዘዘ። ፋይሉም ደህና ነው መባሉ እውነት ነው፤ አምስትም ቁጥር ነው።

«አምስት ሰው ከገባ ስድስተኛው ውጭ ይጠብቃል» አለ ዮናስ። «የገባው ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ አንዱ ስልክ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ተወካዮቹ ብቻ ቢሆኑ እንኳ እየተራቸው ይደርሳቸው ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ግን ‹ስሜ ገብቶ ይሆን?› እያለ ይከፍታል፤ እምቢ ሲለው ደግሞ ደጋግሞ ይጫናል።»

«ስማቸውን ለማየት ሲሉ ስማቸውን የምትልከውን ዘጉባት።»

«አዎ።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል ማስተካከሉ?»

«ይኸው» አለና ቁጥሩን ቀይሮ ሰርቨሩን አስነሳ። ወንበሬ ላይ ሳልደላደል ጨረሰ። ያን ሳይ ይበልጥ ተናደድኩ።

ለአቶ ግርማ እንንገር አልኩ። ዮናስ ፈራ። «እኔን ያባርሩኛል» አለ። «ሠላሳና አርባ ሰው ከሚባረር አንተ ትባረር» አልኩት። ዛሬ ሳስበው ክፉ አነጋገር ነው። ልጁ ግን ተነሳና ከኔ ቀድሞ ገባ፤ ራሱ ተናገረ፤ በማንም ላይ አላላከከም።

አቶ ግርማ አዳምጠው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የዓለም ገናው ሰርቪስ እንዴት ገባለት ታዲያ?»

«ኔትወርካቸው ይሻላል፤ ቶሎ ገቡ» አለ ዮናስ።

«ስለዚህ የቡራዩ ተወካይ መሞከሯን በምን አውቃለሁ? ሎጉ ላይ ስሟ አለ?»

«ያልገባ ሰው ሎግ ላይ አይጻፍም።»

«እንግዲህ!»

ጠረጴዛውን መታሁት። «አቶ ግርማ፣ በሩን የዘጋነው እኛ፤ አልገቡም የምንለውም እኛ! ይኼ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

«ወይዘሮ በላይነሽ፣ ይቀመጡ። የኔም እህት ሱሉልታ ናት፤ ሦስት ቀን ድምፅዋን አልሰማሁም። ድንጋይ አይደለሁም። ግን የስፌት መስመሮቹ ባዶ ናቸው፤ መርከብ አይጠብቀኝም። ሰው መቅጠር አለብኝ።»

ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፤ «እስከ ቅዳሜ በአካል ቀርቦ ያመለከተ ካለ፣ ስንብቱ ይነሳለታል። ከዚያ በኋላ ግን ቦታው ይሞላል።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም። ማንንም አለይም።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጨበጥኳቸው። ለሁሉም ማለታቸው ደስ ብሎኝ ነበር። ማንም አልቀደመ፣ ማንም አልተለየ፤ ለኔ ፍትሕ ይኸው ነበር። ዮናስን በኮሪደሩ «አየህ?» አልኩት። እሱም ስላልተባረረ ሳቀ።

በማግስቱ የሰበታዎቹ መጡ። የዓለም ገናዎቹም መጡ። በር ላይ ቆሜ ተቀበልኳቸው፤ አንዷ እልል ብላ አቀፈችኝ። ከቡራዩ ግን ማንም የለም። ያኔ ነው የነቃሁት። የቅዳሜው ማስታወቂያ የተለጠፈው ፋብሪካው በር ላይ ነው። ቡራዩ ስልክ የለም፤ መንገድ የለም። መምጣት ያልቻሉትን፣ መምጣት ከቻላችሁ ብለናቸዋል።

ኦቦ ገመቹን መኪና ማቆሚያው ጋ አገኘኋቸው።

«ኦቦ፣ ሰርቪሱን ይዘን ቡራዩ እንሂድ።»

«ያቺ አውቶቡስ የፋብሪካው ስም በጎኗ ተጽፎባታል። አስኮን ሳናልፍ ያነዷታል።»

«እርስዎስ የቡራዩ ሰው አይደሉ? ያውቁዎት የለ?»

«እኔን ያውቁኛል። መኪናዋን አያውቋትም። እኔም ከዚህ የቀረሁት ወድጄ ነው እንዴ? ሚስቴ እኮ እዚያ ናት በላይነሽ።»

 ቅዳሜ በጠዋት ብቻዬን ተነሳሁ። በየጎዳናው ታክሲ እየቀያየርኩ አዲስ አበባን አቋርጬ አስኮ ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ የሚሄድ የለም። በእግሬ ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ወታደሮች አስቆሙን፤ ብዙ ሰው ነን። አንዱ ወጣት ወታደር፣ «እማማ፣ ይመለሱ» አለኝ። መልእክት ብቻ ላድርስ አልኩት። ወረቀት አውጥቼ ሌንሳ ብዬ ልጽፍለት ስል፣ «እኔም ከዚህ አላልፍም እኮ እማማ» አለ። እውነቱን ነው። ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ቆምኩ። ከዚያ ተመለስኩ።

ሰኞ አቶ ግርማን አንድ ሳምንት ጨምሩ አልኳቸው።

«ተጨባብጠናል ወይዘሮ በላይነሽ።»

«መንገዱ ዝግ እንደሆነ ያውቃሉ!»

«ቅዳሜ ስንል እርስዎም ያውቁ ነበር። አንድ ቃል አልተናገሩም።»

 ጮህኩ፤ ግን ጩኸት መልስ አይደለም። በዚያው ሳምንት አዳዲስ ልጆች ተቀጠሩ። በሌንሳ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችው ከገጠር የመጣች ልጅ ነበረች፤ እሷን ምን ልበላት? እሷም ሥራ ፈልጋ ነው የመጣችው።

መንገዱ ሲከፈት ከዮናስ ጋር ቡራዩ ሄድን። ሌንሳ ቤቷ አልነበረችም። ጎረቤቷ ስሟን ስናነሳ ፊቷን አዞረች። ወደ ገፈርሳ ባጃጅ ይዘን ስንሄድ በአባቷ ማሳ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር አገኘናት። ከስታለች። ስታየኝ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ድሮ የማውቀው አይደለም።

«አኮ! እግርዎ እስከዚህ ደረሰ?»

ጠዋት ጠዋት የሆነውን ነገረችን። ቤቷ ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ የሚገኘው ከዋናው መንገድ በላይ ጉብታው ላይ ነው፤ መንገድ የዘጉት ወጣቶች የቆሙትም እዚያው ነው። እዚያ ወጥታ ስልኳን ይዛ ትቆማለች። ገጹ እስኪከፈት የምትሽከረከረው ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ገጹ አይመጣም። የሰርቪሱ ተሳፋሪዎች ከታች ሆነው ያዩዋታል። መንገዱ ተከፍቶ ስንብቱ ሲሰማ ወሬ ተነሳ፤ ሌንሳ ከልጆቹ ጋር መፈክር ስትል ስልኩን መቼ ነካችው ተባለ። እንጀራችንን የበላችው እሷ ናት አሉ። ማኅበር ላይ አብራት የምትቀመጥ ሴት እንኳ ሰላምታ ከለከለቻት።

«ሥራው ይቅር አኮ» አለችኝ። «ሥራ ሌላም አለ። እዚህ ግን ነው የምኖረው።»

«እንሂድና እንንገራቸው» አልኩ።

አልፈለገችም። እኔ ግን እምቢ አልኩ፤ ጎትቼ ወሰድኳት። ሴቶቹ አንዷ ጓሮ ተሰበሰቡ። ዮናስ ለኔ እንዳደረገው በጠረጴዛና በኦፕሬተር አስረዳቸው። ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው፣ ቁጥሩን ያላየሁት እኔ ነኝ አለ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁልፍ ትተክል የነበረች፣ ብርቄ የምትባል ረጅም ሴት ግን ተነሳች።

«አኮ፣ እርስዎ ወረፋ የማያዛቡ ሰው ነዎት ይባላል። አምስት ሰው ያስገባ ነበር አላችሁ አይደል?»

«አዎ ልጄ።»

«ታዲያ ከአምስቱ አንዷ ሌንሳ ያልሆነችው ለምንድነው? የዓለም ገናዋ ሆናለች እኮ።»

«የናንተ ኔትወርክ ደካማ ነው» አለ ዮናስ። «ዕድል ነው።»

«እስቲ ሙት! ዕድል የሚጎድለው እኛን ብቻ ነው?»

ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። ብርቄ አላበቃችም።

«እሺ ማሽኑ ይሁን። ቅዳሜ ድረስ የመጣ ይመለሳል ተብሎ ነበር አሉ። ሌንሳ ለምን አልነገረችንም?»

«እሷም አልሰማችም። ልነግራት መጥቼ ከአስኮ መለሱኝ።»

«መንገድ እንደተዘጋ እየታወቀ ቅዳሜ ብሎ የተዋዋለልን ማነው?»

ዮናስ ወደኔ አየ። «እኔ ነኝ» አልኳት። «ለሁላችሁም እኩል ይሁን ብዬ ነው።»

ማንም አልተሳደበም። ብርቄ ነጠላዋን አጣፋችና ተቀመጠች። አንዷ ውኃ አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ። ከዚያ ስለ ዝናቡ ያወሩ ጀመር።

ሌንሳ እስከ መንገዱ ሸኘችን። ባጃጁ ሲመጣ እጄን ያዘችኝ።

«አኮ፣ ሁለተኛ ስለዚህ ነገር አይምጡ።»

«ለምን? ግማሾቹ አምነዋል እኮ።»

«ያመኑት ድሮም የሚያምኑኝ ናቸው። ሌሎቹ ዛሬ አዲስ ወሬ አገኙ፤ ከፋብሪካው ሰው አስመጥታ አስመሰከረች ይላሉ። ዝም ሲባል ይረሳል። እናንተ ስትመጡ እንደገና ይነሳል።»

አልሄድኩም። ጡረታ እስክወጣም፣ ከወጣሁም በኋላ አልሄድኩም። አንዳንዴ ኦቦ ገመቹን ስለሷ እጠይቃቸዋለሁ። አግብታ ሆለታ ሄደች አሉኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ሥራውን በተመለከተ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር አደረግን። ሁለቱንም ክፍሎች አስተያይተን ልክ አደረግን፤ የሚዘለለውም ክፍል ቢሆን ነገ ሊነበብ እንደሚችል ቆጥረን። ዮናስ ደግሞ ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር የትኛውን ክፍል እንዳነበበና የትኛውን እንደዘለለ የሚያሳይ ትንሽ ትዕዛዝ ጻፈ። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን ማንበብ ሆነ። ገጹንም በፈረቃው መግቢያ ሰዓት፣ ሰው በሚበዛበት ጊዜ፣ በደካማ ስልክ ከፍቼ እሞክር ነበር። በቢሮ ኮምፒዩተር ከሰዓት በኋላ ገጽ መሞከር ሥራ አይባልም።

ሰርቨር የምትጠብቁ ልጆች፣ «ካለ» ብላችሁ ስትጽፉ ከሌለ ምን እንደሚሆን አብራችሁ ጻፉ። የሰርቨሩን ዮናስ በዚያው ከሰዓት አርሞታል። የቅዳሜውን ግን ያረመው የለም።